ፊት መንሳትና ፊት መስጠት

አማርኛችን ስለ ፊት ብዙ ያውቃል። ችላ ያለንን ሰው «ፊት ነሳኝ» እንላለን። ያኮረፈው ፊቱን ያጠቁራል፤ የጨከነው ፊቱን ያዞራል፤ ያፈረው ደግሞ «በምን ፊቴ ልሂድ?» ብሎ ይጨነቃል። ሰው ሰውን ብዙ ነገር ሊነሳው ይችላል፤ እንደ ፊት የሚያቆስል ግን ያለ አይመስለኝም።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ የራሳችሁን ዘመድ አዝማድ አስቡ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በፖለቲካ ምክንያት ፊት የተነሳሱ ሁለት ሰዎች በመካከላችሁ የሉም? ከቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ድንገት ወጥቶ የቀረ አጎት፣ ሠርግ ላይ ሌላ ጠረጴዛ ፈልጋ የተቀመጠች የአክስት ልጅ፣ የልጅነት ጓደኛውን ስልክ የማያነሳ ወንድም? የሉም ካላችሁ ታድላችኋል። እኛ ቤት ግን ነበሩ።

ስለ ፖለቲካው ልጽፍ አይደለም። ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ ፎቶግራፍ ነው፤ በአደባባይ፣ ሰው ቆሞ እያየ፣ እንደ ትርኢት ስለሚነሳና ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ የሰው ፊት። የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራውም ማርኬቲንግ ስለሆነ የሰው ፊት በትልቁ ታትሞ መንገድ ዳር ሲሰቀል ምን እንደሚያደርግ መከታተል የዕለት እንጀራዬ ነው። ምንም ሳይሸጡ ፊት የሚሰቅሉ ሰዎች መኖራቸውን ካወቅሁ ወዲህ ግን ሥራዬንም ቤተሰቤንም የማይበት ዓይን ተለውጧል።

የትኛው የማን ነው?

ጄአር በሚባሉ ሁለት ፊደላት ብቻ የሚታወቅ ፈረንሳዊ አርቲስት አለ። ባርኔጣና ጥቁር መነጽር መለያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ማርኮ ከሚባል ጓደኛው ጋር ሆኖ በእስራኤልና በፍልስጤም አንድ ሥራ ሠራ። ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሙያ ያላቸውን ሰዎች ፈልጎ ፎቶ ማንሳት። ታክሲ ነጂ ከታክሲ ነጂ፣ ጠበቃ ከጠበቃ፣ ምግብ አብሳይ ከምግብ አብሳይ። ሁሉም ካሜራው ፊት የፈለጉትን አስቂኝ መልክ እንዲያሳዩ ተጠየቁ። ምላሱን ያወጣ አለ፤ ዓይኑን ያፈጠጠ አለ። አንድ ረቢ፣ አንድ ሼክና አንድ የክርስቲያን አባት ሳይቀሩ ለካሜራው ፊታቸውን አጨማደዱ።

ከዚያ ፎቶዎቹ በጥቁርና ነጭ፣ በግዙፍ ወረቀት ታተሙ። እስራኤላዊውና ፍልስጤማዊው ጎን ለጎን እየሆኑ በስምንት ከተሞች ተለጠፉ፤ ሁለቱን ሕዝቦች በሚለየው ግንብ ላይም በወዲህም በወዲያም በኩል። ከመጀመራቸው በፊት ብዙ አዋቂ ነን ባዮች «ይህ አይሞከርም፤ ሕዝቡ አይቀበላችሁም» ብለዋቸው ነበር።

ጄአር ከዚያ ጉዞ ደጋግሞ የሚያነሳት አንዲት ታሪክ አለች። ራማላህ መሐል አደባባይ ላይ የሁለቱን ታክሲ ነጂዎች ፎቶ ሲለጥፉ ሰው ይሰበሰብና ምን እንደሚሠሩ ይጠይቃቸዋል። እነሱም አንዱ ፍልስጤማዊ፣ አንዱ እስራኤላዊ መሆኑን ይናገራሉ። ያኔ ጸጥታ ይወርዳል። የእስራኤላዊ ፊት እዚህ፣ በእኛ ከተማ ትለጥፋላችሁ? እነሱ አይከራከሩም። ጸጥታውን ትንሽ ይተዉትና የትኛው የትኛው እንደሆነ ንገሩን ብለው መልሰው ይጠይቃሉ። አብዛኛው ሰው መለየት አልቻለም።

እስቲ ያቺን የጸጥታ ደቂቃ አስቧት። አንድ ሰው በሕይወቱ ሙሉ «እነሱ» ሲል የኖረውን ሰው ፊት እያየ፣ ከራሱ ወገን መለየት አቅቶት ቆሟል። ለእኔ የሥራው ዋጋ ያለው እዚያች ደቂቃ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ለዚያች ደቂቃ ሰበብ ነው። ስለዚህም ነው ይህን ዓይነቱን ፎቶግራፍ ከሥዕል ይልቅ ከቴአትር ጋር የማመሳስለው። መድረኩ መንገድ ነው፤ ተዋናዩ ፎቶ የተነሳው ሰው ብቻ ሳይሆን ቆሞ የሚያየውም ጭምር ነው።

ከአራት ዓመት በኋላም አብዛኞቹ ፎቶዎች ከተለጠፉበት እንዳልተነሱ ጄአር ተናግሯል። እውነቱን ለመናገር ግን ግንቡም አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ምድር የፈሰሰውን ደም ሁላችንም እናውቃለን። ፎቶ ጦርነት አያስቆምም። ታዲያ ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

25 ሳንቲ ሜትር

ጄአር ወደዚህ ዓይነት ሥራ የገባው በራሱ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ክሊሺ ሱ ቧ ሁለት ታዳጊዎች ከሞቱ በኋላ የድሆች ሰፈሮች በሁከት ተናጡ። መኪና ተቃጠለ፤ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። የእነዚያ ሰፈሮች ወጣቶች በቴሌቪዥን የሚታዩት ፊታቸውን ሸፍነው ሲሮጡ ነበር። የቀረው ፈረንሳይ ያወቃቸው በዚያ ነው።

ጄአር ወደ ሰፈሩ ሲሄድ የነበረው አንድ 28 ሚሊሜትር ሌንስ ብቻ ነበር። በዚህ ሌንስ ፊትን ሞልቶ ለማንሳት ወደ ሰውየው እስከ 25 ሳንቲ ሜትር መቅረብ ያስፈልጋል። የአንድ ስንዝር ያህል ማለት ነው። በዚያ ርቀት ትንፋሽ ይሰማል። ሰውየው ካልፈቀደና ካላመነ አይቻልም። ወጣቶቹ ዜናው የሚያስፈራራባቸውን ራሳቸውን እየቀለዱበት ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ፎቶዎቹም ስማቸው፣ ዕድሜያቸውና የሚኖሩበት ሕንፃ ቁጥር ተጽፎባቸው በሀብታሞቹ የፓሪስ ሰፈሮች ተለጠፉ። ያለ ፈቃድ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን እነዚያው ፎቶዎች በፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ በይፋ ታዩ።

ይህ የርቀት ነገር ቤታችንንም ይመለከታል። ዛሬ የምንጣላው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ነው። አጎታችን ያጋራውን ጽሑፍ እናያለን እንጂ ሲያጋራው የነበረውን ፊቱን አናይም። ሲጽፍ ፈርቶ ይሁን፣ አዝኖ ይሁን፣ ወይስ እንቅልፍ አጥቶ ያደረገው ይሁን ስክሪኑ አይነግረንም። እኛም የምንመልሰው ለጽሑፉ ነው፤ የሚያቆስለው ግን ሰውየውን ነው።

ግድግዳው የማን ነው?

አሁን ስለ እኔ ሙያ ትንሽ ልንገራችሁ። ቢልቦርድ ላይ የሚወጣ ፊት በዘፈቀደ አይመረጥም። ስብሰባ ይደረግበታል። ጥርሱ፣ የቆዳው ቀለም፣ የጸጉር አሠራሩ፣ ልብሱ ይታያል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። አንድ ጊዜ ለአንድ ደንበኛ ያቀረብነው የአንዲት ወጣት እናት ፎቶ ተመለሰብን። ምክንያቱ ፎቶው መጥፎ ሆኖ አልነበረም። «የየት ሰው ትመስላለች ብለው ያነሱብናል» የሚል ነበር። ሁለተኛዋም በዚያው ምክንያት ተመለሰች። በመጨረሻ የወጣው ማስታወቂያ ላይ ሰው አልነበረም። የምርቱ ማሸጊያ፣ አንድ ስኒና ብዙ ባዶ ቦታ ብቻ።

ባልደረቦቼ ሳቁበት። እኔን ግን ከነከነኝ። ማንንም ላለማስቀየም ብለን የሰውን ፊት ከግድግዳ ካወረድን የምንኖረው ማን በሚታይበት ከተማ ውስጥ ነው?

የቱኒዚያ ሰዎች ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት፣ ያውም በከባድ ጊዜ ጠይቀውታል። ቤን አሊ ለ23 ዓመት ሲገዛ ፎቶው ያልተሰቀለበት ቦታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ከአገር ሲሸሽ ያ ሁሉ ፎቶ ወረደ። ጄአር በዚያው ዓመት ኢንሳይድ አውት የተባለውን ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ጀምሮ ነበርና የቱኒዚያ ፎቶ አንሺዎች በዚያው መንገድ ተደራጁ። የመቶ ተራ ዜጎችን ፎቶ አነሱ፤ የአንዱ ሰው ፊት ብቻ ይታይበት በነበረው ቦታም ይለጥፉ ጀመር።

ሁሉም ሰው ያጨበጨበ እንዳይመስላችሁ። በአንዳንድ ቦታ ሕዝቡ ተቃወመ። ገና አንድ ፊት አውርደን ሳንጨርስ ሌላ ፊት ማን ስቀሉ አላችሁ? እነዚህ ሰዎች ማን ናቸው? ለምን እነሱ ተመረጡ? የተቀደዱ ፎቶዎችም ነበሩ። ይህ ክርክር ግን ሥራው መክሸፉን አያሳይም፤ እንዲያውም ሥራው ያ ነበር። ለ23 ዓመት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፊት «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የማይችል ሕዝብ፣ አሁን መንገድ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ግድግዳው ይከራከር ነበር።

በኢንሳይድ አውት ከ100 በላይ በሆኑ አገሮች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፎቶ ተነስተዋል። አንዳንዴ ጎኑ ላይ ካሜራ የተሣለበት መኪና ይመጣል። ሰው ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ትልቅ ፖስተር በመኪናው ጎን ባለው ቀዳዳ ይወጣለታል። ውጭ የተሰለፈው ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ከዚያ ሙጫና ብሩሽ ተይዞ ወደ ግድግዳ ይኬዳል። እኔን እንደ ማርኬቲንግ ሠራተኛ ያስገረመኝ ግን በፖስተሩ ላይ የሌለው ነገር ነው። አርማ የለም፤ የድርጅት ስም የለም፤ ስልክ ቁጥር የለም። ጄአር ሥራው ላይ የስፖንሰር ምልክት አያስገባም። በእኛ ሙያ ያለ ምክንያት የተሰቀለ ፊት የለም። እዚያ ግን ሰው በመሆኑ ብቻ ይሰቀላል።

ገበታ በድንበር ላይ

እ.ኤ.አ. በ2017፣ አሜሪካ ውስጥ ስለ ሜክሲኮ ድንበር የጦፈ ክርክር በነበረበት ጊዜ፣ ጄአር ቴካቴ በምትባል የሜክሲኮ ከተማ አንድ ትልቅ ፎቶ አቆመ። በሜክሲኮ በኩል ያለ፣ ገና አልጋው ላይ ቆሞ የሚጫወት ዕድሜ ላይ የሚገኝ ሕፃን ነው። በአሜሪካ በኩል ሆኖ ለሚያየው ሰው ሕፃኑ አጥሩን በእጁ ይዞ ወደ ማዶ የሚያሾልቅ ይመስላል። ሕፃን ደግሞ አጥር ምን እንደሆነ አያውቅም። 

እኔ ይበልጥ የወደድኩት ግን የመጨረሻውን ቀን ነው። በአጥሩ በሁለቱም በኩል ረጅም ገበታ ተዘረጋ። ገበታው ላይ የታተመው በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የገባች የአንዲት ወጣት ሁለት ዓይኖች ነበሩ፤ አንዱ ዓይን በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ። ሰዎች በዓይኖቹ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ዓይነት ምግብ በሉ። ሙዚቀኞቹም ግማሾቹ በዚህ፣ ግማሾቹ በዚያ ሆነው አንድ ሙዚቃ ተጫወቱ። ጄአር ከአንድ የአሜሪካ ድንበር ጠባቂ ጋር በአጥሩ ክፍተት ሻይ ሲጠጣም ታይቷል።

ለእኛ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ማዕድ የተጋራን ሰው መጥላት ምን ያህል እንደሚከብድ ጉርሻ ሰጥቶም ተቀብሎም ያደገ ሰው ያውቀዋል። ስንጣላ መጀመሪያ የምናቋርጠው አብሮ መብላትን የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል። አብረን ከበላን ጠቡ አይጸናልንማ!

ጎን ለጎን መቆም

አሁን ያን ያዙልኝ ያልኳችሁን ጥያቄ ላንሳ። ጦርነት የማያስቆም ፎቶ ምን ያደርጋል?

እ.ኤ.አ. በ2018 ጄአርና ታይም መጽሔት ስለ ጦር መሣሪያ የሚከራከሩ አሜሪካውያንን በአንድ ምስል ሰበሰቡ። በሴንት ሉዊስ፣ በዋሽንግተንና በዳላስ 245 ሰዎች ፎቶ ተነሱ። መሣሪያ ያላቸው፣ አዳኞች፣ የጥይት ቁስለኛ የሚያክሙ ሐኪሞች፣ ልጃቸውን በጥይት ያጡ ወላጆች ይገኙባቸዋል። ምስሉን ስታዩት ሁሉም አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው የሚከራከሩ ይመስላል። እውነቱ ግን በየተራ የተነሱ ናቸው፤ በኮምፒውተር የተገናኙ እንጂ 245ቱም በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ አልነበሩም። ማንም ሐሳቡን እንዲለውጥ አልተጠየቀም። የተጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ከማይስማሙት ሰው ጋር በአንድ ምስል ውስጥ ለመታየት መፍቀድ። መልሱ ይህ ይመስለኛል። ፎቶ አያስማማም፤ ሳይስማሙ አብሮ መታየት እንደሚቻል ግን ያሳያል።

ከዚህ አንድ እርምጃ የሄደ ሌላ ፎቶ አንሺ አለ፤ ሪቻርድ ሬናልዲ ይባላል። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ ከተሞች መንገድ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎችን ያስቆምና እንደ ዘመድ ተነካክተው ፎቶ እንዲነሱ ይጠይቃል። ካሜራው በእግር ላይ የሚቆም ትልቅ የድሮ ዓይነት ነው፤ ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብቶ የሚያስተካክለው። ይህ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለቱ እንግዳ ሰዎች አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ፣ መንገደኛው እያያቸው ሳይንቀሳቀሱ ይቆማሉ። መጀመሪያ ይተፋፈራሉ፤ ቆይተው ግን ከተነሱት መካከል ለዚያ እንግዳ ሰው ማሰብ እንደጀመሩ የተናገሩ አሉ። ሥራው በ2014 (እ.ኤ.አ.) በመጽሐፍ ወጥቷል። እጅ ቀድሞ ይሄዳል፤ ልብ ቀስ ብሎ ይከተላል ማለት ነው።

እኛ ቤት

ይህን ሁሉ ካነበብኩና ካየሁ በኋላ ነው ስለ እኛ ቤት ያሰብኩት። ታላቁ አጎቴና የአክስቴ ባል ለ30 ዓመት ጓደኛሞች ነበሩ። በቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥ በተጻፈች አንዲት መልእክት ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ዓመት በበዓል ቀን አንዱ ከምሳ በፊት ይመጣል፤ ሌላው እሱ መሄዱን በስልክ አረጋግጦ አሥር ሰዓት ላይ ይደርሳል። ማንም ምንም አይልም። እናቴ ብቻ ዶሮ ወጡን ሁለት ጊዜ ታሞቃለች።

የእናቴ 70ኛ ዓመት ልደት ሲደርስ ግን ኬክ የሚቆረሰው አንድ ጊዜ ስለሆነ ሁለቱም በአንድ ሰዓት መጡ። ግቢው ውስጥ ከወንበር ወንበር ተራርቀው ተቀመጡ። እኔ ነጭ አቡጀዲ ሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወጥሬ ነበር። «ዛሬ ሁላችንም አንድ በአንድ፣ ከቅርብ ፎቶ እንነሳለን፤ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል» አልኩ። አንድ ደንብ ብቻ አወጣሁ። ትልቅ ትሪ በፎይል ጠቅልዬ ነበርና፣ ተነስቶ የጨረሰ ሰው ትሪውን ይዞ ለሚቀጥለው ሰው ብርሃን ይመልስለታል። ተራው በዕድሜ ነው። በዕድሜ ደግሞ ከአጎቴ ቀጥሎ ያለው ማን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

እናቴ ስትነሳ ሁሉም አጨበጨበ። ለአጎቴ ትሪውን የያዘችለት እሷ ነበረች። ከዚያ ትሪው ወደ አጎቴ እጅ ገባ፤ የአክስቴ ባልም ነጩ ጨርቅ ፊት ተቀመጠ። ግቢው ጸጥ አለ። ያቺ የራማላህ ጸጥታ መጣች መሰለኝ። አጎቴ ትሪውን ይዞ ቆመ፤ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል እንኳ የለም። ብርሃኑ እንዲያርፍ የግድ ፊቱን ማየት አለበት።

«ዓይንህን ጨፈንክ» አለ አጎቴ።

«ፀሐዩን ዓይኔ ውስጥ እየከተትከው እንዴት ልግለጠው?»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። አጎቴ ትሪውን ዝቅ አደረገ፣ ወደ ግራ አዞረ፣ አስተካከለ። ሦስት ጊዜ አነሳሁ። በሦስተኛው ፎቶ የአክስቴ ባል የሚያየው ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ጎን የቆመውን ሰው ነው። «ሸበትክ እኮ» አለው። በሁለት ዓመት ውስጥ ጸጉር ይሸብታል።

ተቃቅፈው ተላቀሱ ብዬ ብጽፍ ጽሑፌ ባማረ ነበር። አልተቃቀፉም። ስለዚያች መልእክትም አንድ ቃል አልተነሳም። በዛሬው ቀን ስለ ፖለቲካ ብትጠይቋቸው የትናንቱን አቋማቸውን ነው የሚነግሯችሁ። ነገር ግን በእንቁጣጣሽ ሁለቱም ለምሳ መጡ። ስለ ደም ግፊት ኪኒንና ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩ። ዶሮ ወጡ የሞቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ሁለቱን ፎቶዎች አሳትማ ሳሎን ውስጥ ከልጆቿ የምረቃ ፎቶ በታች ጎን ለጎን ሰቅላቸዋለች።

ብትሞክሩት

እናንተም መሞከር ብትፈልጉ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ውድ ካሜራ አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል። ከቅርብ አንሱ፤ ዙም አታድርጉ፤ ራሳችሁ ቅረቡ። ሌላው ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያይ አድርጉ፤ ተመልካች ያለው ነገር ክብር አለው። ሁለቱን «ታረቁ» አትበሏቸው፤ የጋራ ሥራ ስጧቸው። አንዱ ብርሃን ይያዝ፣ አንዱ ጨርቁን ይወጥር። ልጆችም ይኑሩበት፤ ልጅ ባለበት ሽማግሌ ይለሳለሳል። ፎቶውን አሳትሙት እንጂ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉት። ከሁሉ በላይ ፈቃድ ጠይቁ። አልፈልግም ያለን ሰው አታስገድዱ፤ ፊቱ የራሱ ነው።

ደግሞ ልኩን እንወቅ። በዚህ አገር በቃላት ጠብ ሳይሆን በእውነተኛ ጉዳት የተለያዩ ሰዎች አሉ። ቤቱን ወይም ልጁን ያጣን ሰው «ና፣ ፎቶ እንነሳ» ማለት መሳለቅ ነው። ፎቶ ይቅርታን አይተካም፤ ፍትሕንም አይተካም። እኔ የምናገረው በስክሪን ለተጣላነው፣ ስንገናኝ የምንናገረው ጠፍቶን ሰዓት ለምንቆጥረው ለእኛ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ደግሞ ብዙ ነው።

ወላጆቻችን ሕፃን ሲያስቸግር «ፊት አትስጡት» ይሉ ነበር። ለሕፃን ይሠራ ይሆናል። ለአዋቂዎች ግን የጎደለን ፊት መስጠት ይመስለኛል። በመጪው በዓል ከዘመዶቻችሁ መካከል ፊት የተነሳሱ ካሉ አቡጀዲውን ወጥሩ፣ ትሪውን በፎይል ጠቅልሉ፣ ተራውንም በዕድሜ አድርጉት። የቀረውን ለብርሃኑ ተዉት።